«እኔም እንዳንተ እሆናለሁ?» ላልሽኝ

ጂንካ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሩቲ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሐዋሳንና ግቢውን ለመድሻቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ብዙወርቅ ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏት መሥሪያ ቤት ገብታለች። እኔ ከብት ልንከትብ ዲመካ አራት ቀን ቆይቼ ትናንት ተመለስኩ። አንድ ወይፈን ረግጦኝ የግራ እግሬ አውራ ጣት አብጧል እንጂ ሌላ ምንም የለኝም።

ባለፈው ሐሙስ በስልክ «አባዬ፣ እኔም እንዳንተ እሆናለሁ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ኔትወርክ አልነበረም የተቋረጠው። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ይቅር በይኝ፤ ድምፄ ከድቶኝ ነው። በወረቀት ይሻለኛል ብዬ ይኸው ተቀመጥኩ። አንዳንዱን ታስታውሺዋለሽ፤ አንዳንዱን ግን ነግሬሽ አላውቅም።

በ2006 ዓ.ም. አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። እኔ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣሁ። ማንም ሳያዘኝ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ሳይክል ይዤ ኦሞራቴ ድረስ ሄድኩና ሰዉን ሰብስቤ «የወተት ፋብሪካ ላቆምላችሁ ነው» እያልኩ ስለፈልፍ ዋልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ አልጋ ላይ ወድቄ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሁለት ወር እንደዚያ ሆንኩ። ሰው ሲጠይቅ እናትሽ «ወባ ነው» ትል ነበር። ሐኪም ቀደም ብሎ ባይፖላር የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶኝ ነበር፤ እኔ ግን እጄን ያንቀጠቅጠኛል፣ ያደነዝዘኛል ብዬ ተውኩት። እናትሽ ለመነችኝ። ጠበል ስትወስደኝ ቄሱም «መድኃኒቱንም ዋጥ» ብለውኝ ነበር። አልሰማሁም።

አንቺን ደግሞ አላየሁሽም ነበር፤ ትልቁ በደሌ እሱ ነው። እኔ ስፈነጥዝ አንቺ ጠረጴዛ ላይ ወጥተሽ ትጨፍሪያለሽ፤ ሳቅሽ ማቆሚያ የለውም። እኔ ስተኛ አንቺም ምግብ ትተያለሽ፤ በትንሹም በትልቁም ታለቅሻለሽ። የክፍል ጓደኛሽ ኪያ «አባትሽ አብዷል» ብትልሽ በድንጋይ ግንባሯን ፈነከትሻት። ሰፈሩ «የአባቷ ልጅ» አለ። እኔም ሰምቼ አመንኩት።

በዚያው ሰሞን የክፍልሽ ኃላፊ መምህር ዶላሞ ቤት መጣ። ሊከስሽ መስሎኝ ነበር። በርጩማ ላይ ተቀመጠ። በአሪኛ አፉን የፈታ ሰው ነው፤ አማርኛን ቀስ እያለ ነው የሚናገረው።

«ዶክተር» አለኝ፤ ከብት ስለማክም እንደዚያ ነው የሚጠራኝ። «ሩቲ ሁልጊዜ ከእረፍት በኋላ ታረፍዳለች። ሦስት ጊዜ ቀጣኋት። ትናንት ግን ከኋላዋ ተከተልኳት።»

«የት ሄደች?»

«እዚህ። ሮጣ መጣች። በዚያ መስኮት አየችህና ሮጣ ተመለሰች። ‹ምን ልታደርጊ ነው የሄድሽው?› አልኳት። ‹አባዬ መተንፈሱን ላይ› አለችኝ።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ልጅቷ ባለጌ አይደለችም» አለ መምህር ዶላሞ። «ሥራ በዝቶባት ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አባቷን መጠበቅ የለባትም።» ይህን ብሎ ሄደ።

በማግስቱ እናትሽ ክንዴን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ፤ አንቺም አብረሽን ነበርሽ። የአእምሮ ጤና ነርሷ ሲስተር ፈቲያ እኔን ከማናገሯ በፊት አጠገብሽ ቁጢጥ ብላ «የአባትሽን ሕመም አንቺ አላመጣሽውም፤ አንቺም አታድኚውም። ይኼ የእኛ ሥራ ነው» አለችሽ።

«ትምህርት ቤት ስሆን ማን ያየዋል?» አልሻት።

«እናትሽ አለች። እኔ አለሁ። እሱም መድኃኒቱን እየዋጠ ራሱን ይጠብቃል።»

ዞረሽ አየሽኝና «እውነት?» አልሽኝ። «እውነት» አልኩሽ። ከዚያ በፊት ለብዙ ሰው ቃል ገብቼ አጥፌአለሁ፤ የዚያን ቀኑን ግን እስከ ዛሬ ጠብቄአለሁ።

ቀላል አልነበረም። መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ በ2009 ዓ.ም. እንደገና አንድ ወር ወድቄአለሁ። የአንቺም ስሜት ወዲያው አልረጋም። አንድ ዓመት ያህል ወደ ሲስተር ፈቲያ እየተመላለስሽ፣ ስትናደጂ «ተናድጃለሁ»፣ ስትፈሪም «ፈርቻለሁ» ማለት ለመድሽ። ኪያንም ራስሽ ቤቷ ሄደሽ ይቅርታ ጠየቅሻት፤ ማንም አላዘዘሽም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሐሙስ ስልኩን እንደዘጋሁ ወደ ሲስተር ፈቲያ ሄድኩ። «የመታመም ዕድሏ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ከታመመ ወላጅ የተወለዱ አብዛኞቹ ልጆች ግን አይታመሙም። ስሜቷ ከፍና ዝቅ ስላለ ብቻ ታማለች ማለት አይደለም» አለችኝ። ስለዚህ አትሆኚም ብዬ አልምልልሽም። እንቅልፍ ለቀናት ከራቀሽ ወይም ሐዘኑ አልለቅ ካለሽ ግቢያችሁ ያለው ክሊኒክ ሂጂ፤ ለእኛም ንገሪን። ወባ ነው አትበይ። ቢመጣ እንኳ አንቺ እኔ በጀመርኩበት አትጀምሪም። እኔ ስሙን ለመጥራት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ አንቺ በዘጠኝ ዓመትሽ ነው ያወቅሽው።

ሩቲዬ፣ እኔ የማመሰግነው የበዛልኝ ሰው ነኝ። እናትሽ መሄድ ስትችል አልሄደችም። መምህር ዶላሞን ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አገኘሁትና ዩኒቨርሲቲ መግባትሽን ነገርኩት። «እዚያስ ታረፍዳለች?» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። አንቺን ደግሞ በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም። ልጅ አባቷን ማሳደግ አልነበረባትም፤ አንቺ ግን አሳድገሽኛል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ከሄድሽ ጀምሮ በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ትደውያለሽ። «ደህና አደርክ?» ትያለሽ፤ «ደህና» ስልሽ «እሺ ቻው» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ድምፅሽን ሳልሰማ ቀኔ አይጀምርም፤ አልዋሽሽም። ግን ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት አትደውዪልኝ። ተኚ። ስናፍቅሽ፣ ወይም የሚያስቅ ወሬ ሲኖርሽ ደውዪ።

እኔን ያነሳ አምላክ እንቅልፍሽን የጠገበ፣ ልብሽን ያረፈ ያድርግልሽ። የምትወጂውን ትምህርት፣ የሚወዱሽን ሰዎች ይስጥሽ።

አባትሽ ሙሉቀን

ደግሞ እናትሽ ይህን አንብባ «ለእኔ ግን በየቀኑ ትደውልልኝ» ብላለች። ለእሷ ስትደውዪ ስለ እኔ አትጠይቂያት፤ ስለ ራስሽ ንገሪያት።