ጠፋ የተባለው አግዳሚና የሳቅንበት የእምነት ቃል

ለተከበሩ የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ
ካሉበት

ጤናዎ እንደ ጣቢያዎ መዝገብ ጉድለት የማይገኝበት፣ እንቅልፍዎም እንደ በር ጠባቂዎ እንቅልፍ የማይቋረጥ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋው ጎረቤትዎ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ለብቻዎ ብልክልዎ ደብዳቤው ጠፍቶ በመጥፋቱ ሌላ ሰው እንዳይታሰርበት ስለ ሰጋሁ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፦ ምስጋናዬን ላስቀድም። ከጣቢያው ደጅ ባለጉዳይ ይቀመጥበት የነበረው አግዳሚ ወንበር በጠፋ በሳምንቱ ሌባው በመያዙ፣ ከየቤታችን የተሰረቀው ሁሉ ገና "በምርመራ ላይ" ቢሆንም፣ ቢያንስ የጣቢያው ንብረት ተቆርቋሪ እንዳለው አውቀን ኮርተናል። ሌባ የተባለው አናጢው ጓደኛዬ ነው። ሰላም ሲሉት እንኳ አንገቱን ነቅንቆ የሚያልፍ በመሆኑ ጭምቱ እያልን እንጠራዋለን። እንዲህ ያለውን ሰው ማናገር እኛን ጓደኞቹን ዓመታት የፈጀብን ሲሆን፣ በተናገረው ማሰር ግን ባልደረባዎን አንድ ሱሪ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ያህል ብቻ ነው የፈጀባቸው።

ሁለተኛ፦ ይህ ወንጀል የታመነበትን ችሎት ላስረዳዎት ይፈቀድልኝ። ከሥራ በኋላ ሰዓት ሠሪው፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ጭምቱና እኔ ሱቄ ውስጥ እንሰበሰብና ሻይ አስመጥተን ፍርድ እንቀመጣለን። ሰዓት ሠሪው ዳኛ ነው፤ መምህሩ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። በሰፈሩ የጠፋ ነገር ካለ ከመካከላችን አንዱ ይከሰስበታል። ሕጋችንም አንድ አንቀጽ ብቻ አለው፤ የካደ የሁላችንንም ሻይ ይከፍላል፣ አሳምሮ ያመነ በነጻ ይሰናበታል። በዚህ ሕግ መሠረት መምህሩ የወንዙን ድልድይ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው መሄዳቸውን፣ ሰዓት ሠሪውም ከየሰዉ ሰዓት ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረ አንድ ሙሉ ዓርብ ማጠራቀሙን አምነው ተሰናብተዋል። በእኛ ዘንድ ያመነ ነጻ ሲወጣ በእርስዎ ዘንድ ያመነ እንደሚታሰር፣ የካደም እንደዚሁ እንደሚታሰር የተረዳነው ዘግይተን ነው።

የአግዳሚው ጉዳይ በቀረበ ዕለት መምህሩ፣ አግዳሚ የሰረቀ ሰው ዕድሜ ልኩን ቆሞ ይኑር ሲሉ ቅጣት ጠየቁ። ዳኛው ደግሞ ይህ ቅጣት ጣቢያው ደጅ ላይ በሚጠብቀው ባለጉዳይ ሁሉ ላይ በመፈጸም ላይ ስለሆነ ለሌባው የተለየ ነገር ይፈለግለት ብሎ በየነ። ቀጥሎ ተከሳሽ ይሰየም ሲባል ጣቴን ወደ ጭምቱ የቀሰርኩት እኔ ነኝ። ክቡር ሆይ፣ ለምን እሱን እንደ መረጥኩ ልደብቅዎ አልችልም። ጭምቱ ሁልጊዜ "አይ" ብቻ ብሎ ይክዳል፤ ሻዩንም ይከፍላል። እኛም ለምደነው ነበር።

የዚያን ዕለት ግን ምን እንደ ነካው አላውቅም፣ ብድግ አለ። አግዳሚውን በጠራራ ፀሐይ በራሱ ላይ ተሸክሞ እንደ ወጣ፣ አንዱ ዘበኛ ሹም መስሎት ሰላምታ እንደ ሰጠው፣ ሌላው ዘበኛ ግን አግዳሚው ላይ ተኝቶ ስለ ነበር እንዳይቀሰቅሰው ተጠንቅቆ አብሮ እንደ ተሸከመው፣ ዘበኛውንም ቤቱ አድርሶ ለሚስቱ "እቴ፣ ቀስ ብለሽ አስተኚው፤ ደክሞታል" ብሎ እንዳስረከባት አንድ በአንድ ተናዘዘ። ሰዓት ሠሪው ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ወደቀ። እኔ መርፌው ጣቴን ወግቶኝ እንኳ አልታወቀኝም። ጭምቱም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያሳቀ ሰው ሆኖ፣ ፊቱ በርቶ ቆመ። ያን ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ ማጥፋት አልቻልኩም።

ሦስተኛ፦ በዚያው ሰዓት የእርስዎ ባልደረባ በሱቄ መጋረጃ ኋላ ያለ ሱሪ ተቀምጠው እንደ ነበር ሁላችንም ረስተነዋል። ሱሪያቸው ከኋላ ተቀድዶባቸው መጥተው እኔ እየሰፋሁላቸው ነበር። የሕግ ሰው በውስጥ ሱሪ ሆኖ ማሰር ክብሩን ስለማይመጥን፣ ሱሪያቸው እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቁ። እኔም ሰው እንዳላስጠብቅ ብዬ ቶሎ ቶሎ ሰፍቼ፣ አራግፌ በሁለት እጄ አቀበልኳቸው። ለበሱ፣ ቀበቷቸውን አጠበቁ፣ ጓደኛዬንም ይዘው ሄዱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን እስካሁን ለቅሜ አልጨረስኩም።

ስለ ቅዳዱ አንድ ነገር ልጨምር። ከአግዳሚው ጫፍ ብቅ ያለች አንዲት ምስማር አለች። የተቀመጠን ሰው ሁሉ ከግራ ኪሱ በታች ትቀድዳለች፤ ከደንበኞቼ ግማሹን የምትልክልኝም እሷ ናት። ጭምቱ መዶሻውን ይዞ በነጻ ልምታት እያለ ጣቢያው ድረስ ስንት ጊዜ ተመላልሷል። ማመልከቻ ጻፍ እየተባለ ሲመለስ፣ እኔ "አይዞህ" እያልኩ በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። የባልደረባዎ ሱሪም የተቀደደው ከግራ ኪሱ በታች ነበር፤ አግዳሚው ከጠፋ ሳምንት አልፎታል በተባለበት ቀን። ክሩን ያስገባሁት እኔ፣ ቀዳዳውን ያየሁት እኔ፤ ሳቅ ላይ ስለ ነበርኩ ግን አላስተዋልኩም።

አራተኛ፦ ለምስክርነት ተጠርቼ የተደረገልኝ መስተንግዶ የሚረሳ አይደለም። የተጠየቅሁት ሰርቄአለሁ ብሏል ወይስ አላለም የሚል ብቻ ነበር። ብሏል፣ ነገር ግን ለጨዋታ ነው ስል "ብሏል" የሚለው ተጻፈ፤ የቀረው ቦታ አይበቃውም ተባለ። ጭምቱ አግዳሚውን የት አደረስከው ሲባል፣ አላውቅም፣ ካስቸገራችሁ ግን ሌላ ልሥራላችሁ ማለቱም "ለመተካት በመስማማት ጥፋቱን አረጋግጧል" ተብሎ መመዝገቡን ያን ጊዜ ሰማሁ። ደግነት በጣቢያዎ እንዲህ በፍጥነት ዋጋዋን እንደምታገኝ አላውቅም ነበር። እኔም ፈረምኩ።

ፈርሜ ስነሳ ከኋላዬ ጨርረር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ብዬ ባይ፣ የተቀመጥኩት አግዳሚው ላይ ነው። ዝናብ እንዳይመታው ወደ ውስጥ ገብቶ ተረስቶ ይሆናል፤ ግማሹ ላይ ፋይል ተቆልሎበታል፣ በቀረው ግማሽ ላይ በሌባው ላይ የሚመሰክር ሰው ይቀመጥበታል። መርማሪው ቀና ብለው የምትጨምረው ነገር አለህ ወይ አሉኝ። ክቡር አዛዥ፣ ቅዳዴን በእጄ ሸፍኜ፣ የለኝም፣ ጤና ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ። ውሸታም አደረግኸን ብለው እኔንም እንዳያስቀሩኝ ፈርቼ ነው። ሱቄን ቆልፌ ሱሪዬን ሰፋሁት፤ ስፌቱም እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም።

አምስተኛ፦ ይህኛው በእርስዎ ላይ ያለኝ ቅሬታ አይደለም። በማግስቱ የጭምቱ ባለቤት ለጥገና የሰጠኝን ኮቱን ልትወስድ መጣች፤ እዚያ ውስጥ ይበርደዋል ብላ። ወንድሜ፣ የፈረምክበት አንተ አይደለህም ወይ ብላ ብትጮህብኝ በወደድኩ። እሷ ግን አመስግናኝ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሄደች። የፈሪ እናት አታለቅስም ይባላል፤ የፈሪ ጓደኛ ሚስት እንደምታለቅስ ግን የነገረኝ የለም።

ስለዚህ ምስክርነቴን ማንሳቴን፣ አግዳሚውም ከመርማሪው ጠረጴዛ ፊት ለፊት በሰላም እንደሚገኝ፣ በሐሰት መፈረም የሚያስከስስ ከሆነም ሱቄ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት መሆኑን በአክብሮት እያስታወቅሁ፣ የጠፋው ሳይጠፋ ሌባውን ያገኙበት ችሎታዎ ወደ እኛ የጠፋ ንብረትም ዘወር እንዲል እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ኀፍረት ጋር፣
በሳቁ ግብረ አበር፣ በፊርማው ዋና አድራጊ የሆነው ጎረቤትዎ
ልብስ ሰፊው

ከፊርማዬ በኋላ፦ ያን ያማረ ስፌት ፈትቼ ሱሪውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁና ቀዳዳውን ከምስማሯ ጋር ያስተያዩት። ጭምቱን ሲለቁትም በኤግዚቢትነት የያዙበትን መዶሻ ይመልሱለት፤ ቂም አያውቅምና ከመውጣቱ በፊት ምስማሯን ይመታልዎታል። ማመልከቻ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ በስንት ዓመቱም ቢሆን፣ ይኸው ተጽፏል።