ለኑረዲን የመረጥኩት መነጽር

ቅዳሜ፣ ማርች 14/2009

ዛሬ ኑረዲን የጠመንጃ መነጽር እንድመርጥለት ከሃክኒ ሰፈር ድረስ መጥቶ ባተርሲ ሰፈር ወዳለው የጠመንጃ ዕቃ ሱቅ ይዞኝ ሄደ። ወደ ተኩስ ክለባችን ያስገባሁትም፣ መጀመሪያ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። እሱ ገና አምስት ወሩ ነው፣ እኔ ስምንት ዓመቴ። ሆኖም የእሱ ጥይቶች ኢላማው መሃል ተደራርበው ሲያርፉ፣ የእኔዎቹ እንደ ጥሬ ይበተናሉ። ባለፈው ቅዳሜ አሰልጣኙ የእሱን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ሻጩ ሁለት አወጣልን። አንዱ ትንሽ ነው፣ በልኩ ያቀርባል። ሌላው ትልቅ ነው፣ ኢላማውን አፍንጫ ስር ያመጣል። እንዲህ ያለው የተኳሹንም መንቀጥቀጥ አብሮ እንደሚያጎላና ጀማሪን እንደሚያደናግር አውቃለሁ።

"ትልቁን ውሰድ" አልኩት። አላመነታም፣ ገዛው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ክለቡ መለማመጃ ሄድን። እዚያ እንደደረስን መነጽሩን ከነካርቶኑ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ነው። ለእኔ ትንሹም ይበቃኝ ነበር። ይምረጡልኝ ያልኩት የሚወዱትን ለማወቅ ነው። ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?"

እምቢ ብል ምክንያቱን ልናገር ነውና ተቀበልኩት።  ራሱ ጠመንጃዬ ላይ ገጠመልኝ። በደረቴ ተኝቼ አየሁበት። ኢላማው አፍንጫዬ ስር መጣ፣ መነጽሩ ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ግን አልረጋ አለ። ትንፋሼን ያዝኩ። አሁንም በልቤ ምት ልክ ይዘላል።

"እንዴት ነው ጋሼ?" አለኝ ከኋላዬ ቆሞ።

"ሁሉንም ያሳያል" አልኩት።