ታማኝ ወይስ ታማሚ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ሙቀቱ አይጣል ነው። ጠዋት አንድ የመኪና ስፒከር ጠገንኩ። ከሰዓት ደግሞ ሕፃን ልጅ እርሳስ የሰካበት ቴሌቪዥን መጣ። እዚህ ጅዳ፣ ሸረፊያ ሰፈር ውስጥ የማይበላሽ ነገር የለም፤ አልሐምዱሊላህ፣ እንጀራችን ነው።

የራሴን ሁለት ስፒከሮች ዛሬ ጨረስኩ። ሳጥናቸውን ራሴ ቆረጥኩ፣ ራሴ አጣበቅኩ፣ ጥቁር ቀለም ቀባሁ። ከታች ትልቁ፣ ከላይ ትንሿ። የሱቁ ባለቤት ጋሼ ቃሲም ዞር ዞር ብለው አዩና «ቁመናው ሸጋ ነው» አሉ። ስለ ድምፁ ምንም አላሉም። ለምን አላሉም?

ዓርብ የአክስቴ የከሪማ ልጅ ሰሚራ ትታጫለች። ድምፁን ለእኔ ተዉት ብያለሁ።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

ከዓስር ሶላት በኋላ ለድግሱ የተከራየነው ኢስቲራሃ ሞላ። ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች ከግድግዳው ወዲያ። ማይኩ እነሱ ዘንድ፣ ስፒከሮቼ እኛ ዘንድ። የእጮኛዋ የጀሚል አባት ሐጂ ሱሩር ከመካ ከነዘመዶቻቸው መጥተዋል። ጢማቸው ነጭ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ። ጀሚል አጠገባቸው ተቀምጦ ላብ በላብ ሆኗል።

አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ስለ ልጇ ሌላ ሰው እንዲናገር አትፈልግም። ማይኩን ራሷ ያዘች። ድምጿ ወፍሮ፣ ሞልቶ መጣ... ግድግዳው ሁሉ እምም አለ። ኮራሁ።

«ልጄን ታውቋታላችሁ» አለች። «ታማኝ ናት። ቀንም ሌትም ከአጠገቧ አልተለየሁም። አደራ፣ ደህና አድርጋችሁ ያዙልኝ።»

አንድ ሽማግሌ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» ሲሉ ሰማሁ። ሐጂ ሱሩር አንገታቸውን ደፉ። ንግግሯ ልባቸውን ነክቶት ነው ብዬ ድምፁን ትንሽ ጨመርኩት።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

አክስቴ ደወለች። ሰላምታ የለም።

«ትናንት ምንድን ነው ያልኩት?»

«የቱን?»

«በአንተ ሳጥን የተናገርኩትን።»

መካ የቀረችው የሐጂ ሱሩር እህት ሀሰና ከወንድሟ ሰምታ ጠዋት ደውላላት ኖሯል። «ታማሚ መሆኗን ሳትደብቂ ስለነገርሽን አላህ ይስጥሽ» ብላታለች።

ታማሚ...

እኔ ትናንት ታማኝ ብላ ነው የሰማሁት። ግን ምን እንደምትል ቀድሜ አውቅ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት እኔ ፊት ነው የተለማመደችው። የማያውቀው ሰው ምን ሰማ? ቁጭ ብዬ የቀረውን አስታወስኩ። ቀንም ሌትም ከአጠገቧ አልተለየሁም። አደራ፣ ደህና አድርጋችሁ ያዙልኝ። ያ ረብ... ሁሉም ይገጥማል።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ከመካ ማር መጣ። ጥቁር አዝሙድ መጣ። ዘምዘም በጀሪካን መጣ። ጠዋት በባዶ ሆድ ትውሰድ ተብሏል።

ሰሚራ ቅዳሜ ስቃ ነበር። ማሩን ስታይ ግን አለቀሰች። «ወላሂ ምንም የለብኝም። ለምንድን ነው ሁሉም ሰው በቀስታ የሚያናግረኝ?»

ጀሚል ደግሞ ግራ ገብቶታል። እሱና ጓደኞቹ እዚሁ ነው ያደጉት፤ ጆሯቸው ዓረብኛ ይቀድመዋል። የሰሙት «ተማም ናት» ሲባል ነው። ደህና ናት ማለት። «እኔ ደስ ብሎኝ ስወጣ አባቴ እንባውን ይጠርጋል» አለኝ።

እንግዲህ አንድ ቃል ነው የወጣው። ሽማግሌዎቹ ታማሚ ሰሙ፣ ወጣቶቹ ተማም ሰሙ። ከወንዶቹ ታማኝ የሰማ አንድም ሰው የለም፤ አጠገቧ ሆነው የሰሙት ሴቶች ደግሞ ለእሷ ያደላሉ ተብሏል።

ሰሚራ ሙስተሽፋ ሄዳ ተመረመረች፤ ጤነኛ ናት። ሐጂ ሱሩር ውጤቱን በስልክ ሲሰሙ «ሐኪም ይሳሳታል» አሉ። «እናት በልጇ አትሳሳትም። የእኔም ጆሮ ተሳስቶ አያውቅም።» ኒካሁ ነገሩ እስኪጣራ ይቆይ ብለዋል።

አክስቴ እኔን ማናገር አቁማለች። ሳጥኖቹ ጥግ ቆመው ያዩኛል።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ጋሼ ቃሲም ስልካቸውን አወጡ። ከወፍራም እየጀመረ ወደ ቀጭን የሚወጣ ድምፅ በስፒከሬ አሰሙ። ከበሬ ጀምሮ ትንኝ ላይ ያልቃል። የእኔ ስልክ ደግሞ እያዳመጠ ጉልበቱን በመስመር ይስላል።

መስመሩ ቀጥ ማለት ነበረበት። የእኔው ወሎን ነው የሳለው። ወፍራሙ ጋ ጋራ፣ መሃል ላይ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ሾጣጣ ጫፍ።

«ይቺ ጎድጓዳ ምንድን ናት?» አልኳቸው።

«እሷማ ዓባይ በረሃ ናት» አሉ። አልሳቁም። «ስፒከር ሁሉን ድምፅ እኩል አይወድም። አንዱን ይጮኸዋል፣ አንዱን ይውጠዋል። ኝ እና ም ሁለቱም ከአፍንጫ የሚወጡ ወንድማማቾች ናቸው። የሚለያዩት በቀጭኗ በኩል ነው። አንተ እሷን ገደል ሰደድካት። ከዚያ ምን ቀረ? እምም።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?»

«ቁመናውን ነው ያሳየኸኝ። ድምፁን መች አሰማኸኝ?»

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ከጋራው ጀመርኩ። የሳጥኑን ጎን በጣቴ ባንኳኳው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። ስፒከሩ ሲናገር ሳጥኑም አብሮ ይናገራል ማለት ነው። ውስጡን በመስቀልኛ እንጨት ደገፍኩት። ከዚያ የሚያምቀው ነገር ያስፈልጋል... ጥጥ፣ ሱፍ...

አብሮኝ የሚኖረው ተካ ከወደብ ሥራ ሲገባ አልጋውን ነካካ።

«ትራሴ የት አለ?»

«ለሰሚራ ትዳር ነው።»

«ስትታጭ እኔን ጠርታችሁኛል?»

የትራሱን ጥጥ ሳጥኑ ውስጥ ጠቀጠቅኩት። ጋራው ግን ዝቅ ብሏል። ገደሉ እንዳለ ነው።

ተካን ኮሪደር ላይ አስቀምጬ በማይኩ ቃል እየጠራሁ የሰማውን እንዲነግረኝ አደረግኩ። ታማኝ ስል «ታማኝ» አለ። ታማሚ ስልም «ታማኝ» አለ። ዝም ስል ራሱ «ታማኝ» አለ።

«እንድልህ የምትፈልገውን አውቃለሁ» አለኝ። «አሁን ልተኛ፤ ትራስም የለኝ።»

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

አማርኛ የማያውቅ ጆሮ ያስፈልገኛል። ከሱቁ ጎን ያለው ባንግላዴሻዊ ልብስ ሰፊ ትዝ አለኝ። የሰማኸውን ድገምልኝ አልኩት፣ በተሰባበረ ዓረብኛ። ታማኝ አልኩ። «ታማም» አለ። ደገምኩ። «ታማም። ኩሉ ተማም» ብሎ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

መሐላ የማያሻው ምስክር። ለካ ሐጂ ሱሩር አልዋሹም።

ጋሼ ቃሲም የሳጥኑን ጀርባ አስከፈቱኝ። ወፍራሙን ለትልቁ፣ ቀጭኑን ለትንሿ የምታካፍለውን ሰሌዳ በጣታቸው ነኩ።

«ትልቁ ለትንሿ የሚያስረክብበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ሁለቱም አንድ ድምፅ ይናገራሉ። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ከሳበ ይጣፋሉ። ገደልህ እሱ ነው።»

«እኔ እኮ ቀይ ሽቦ ከቀይ ነው ያገናኘሁት።»

«ሰሌዳዋ ስታካፍል አንዱን ታዘገየዋለች። ቀይ ከቀይ ስላገናኘህ ነው የተጣሉት። የትንሿን ሽቦዎች አዙራቸው።»

ሁለት ሽቦ። የአንድ ቤተሰብ ሰላም በሁለት ሽቦ... አዞርኳቸው። መስመሩ ላይ ዓባይ በረሃ ሞላ። ልብስ ሰፊውን ጠራሁት። ታማኝ አልኩ።

«ታማኝ» አለ። ከእኔ አጥርቶ።

አቀፍኩት። ደረቱ ላይ መርፌ ደርድሮ እንደሚሠራ ያወቅኩት ካቀፍኩት በኋላ ነው።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ደረቴ ያቃጥላል። ተካ ሲያየው «የትራሴ ነው» አለ።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ገደሉ ሲሞላ ሾጣጣው ጫፍ ብቻውን ጎላ። እያንዳንዱ «ስ» የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ያለበት ይመስላል። «ሰሚራ» ስል ጆሮዬን ያዝኩ።

ምክንያቱ የትልቁ ስፒከር ወረቀት ነው። ወፍራም ድምፅ ላይ እንደ አንድ ሰው ሆኖ ይገፋል። ቀጠን ሲል ግን መሃሉ ወዲህ፣ ጠርዙ ወዲያ... ይንዘፈዘፋል። ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ሙጫ በስሱ ቀባው አሉኝ ጋሼ ቃሲም። በስሱ የሚለውን አልሰማሁም መሰለኝ። ደፋሁበት። ስፒከሩ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኖ እንደሚያወራ ሰው ሆነ። ልፍቀው ስል ወረቀቱ ተቀደደ።

አዲስ ገዛሁ። አሁን በስሱ። ሰሌዳዋ ላይም ያቺን አንድ ቦታ ብቻ የምታለዝብ ጥቅል ሽቦ ከትናንሽ ጓደኞቿ ጋር ጨመርኩ።

መስመሩ ቆቦ ሜዳን መሰለ። እዚህም እዚያም ጉብታ አለው። ቆቦም አለው።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ሐጂ ሱሩር ቃሏን ዳግም ይስሙ ብለን ወደ መካ ሄድን። ተካ መካ አይገባም፤ ክርስቲያን ነው። ግን ሳጥኖቹን ተሸክሞ መኪና ላይ ጫነልን። «ትራሴ መካ ሊገባ ነው» አለ።

አክስቴ ከኋላ ተቀመጠች። ጅዳን ስንወጣም፣ መካ ስንገባም አላናገረችኝም። መጀመሪያ ሐረም ሰገድን። የለመንኩትን አልጽፈውም፤ ስለ ስፒከር ዱዓ ማድረግ ያሳፍራል።

የሐጂ ሱሩር ሳሎን በዘመድ ሞልቶ ጠበቀን። የስልኬን መስመር ለሐጂ ባሳያቸው ፊታቸውን አዞሩ። «ያን ቀን የሰማው ጆሮ ነው። አሁንም ጆሮ ይፍረድ።»

አክስቴ ከሀሰናና ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ገባች፣ ማይኩን ይዛ። በሩ ላይ ለመንኳት። «አንድ ቃል ብቻ። ታማኝ በይና አስቀምጪው። ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ።»

«እሺ» አለች። እሺ አባባሏ ደስ አላለኝም።

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ድምጿ መጣ፣ ያለ እምም፣ ጥርት ብሎ፣ አጠገባችን የተቀመጠች ይመስል።

«ሐጂ ሱሩር እልኸኛ ናቸው።»

ሁሉም ምንጣፉን ማየት ጀመረ። ጀሚል ፊቱን ሸፈነ። እኔ... አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት «ኛ» እንዴት ጥርት ብላ እንደወጣች ነው።

ሐጂ ዓይናቸውን ከፈቱ። «ምን አለች?»

ማን ይመልስ?

«እልኸኛ ነው ያለችው?» ወደ እኔ ዞሩ።

«አዎ፣ ሐጂ።»

«እልኸማ አይደለም።»

«አይደለም፣ ሐጂ።»

ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ወደ ጓዳው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ከሪማ፣ ያን ቀን ስለ ልጅሽ ምን ነበር ያልሽው?» አሉ።

«ታማኝ ናት ነው ያልኩት። ማርም አትወድም።»

ማይኩ አጠገብ ሀሰና ስትስቅ ተሰማ። ሴቶቹ ተከተሉ። ሳቃቸው በሁለቱ ስፒከሮች እኩል መጣ። ሐጂ ለመኮሳተር ሞከሩ፤ ጢማቸው ግን ተንቀጠቀጠ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ኸላስ። ኒካሁ የሚመጣው ጁምዓ ይሁን።»

ስንመለስ አክስቴ ከፊት ተቀመጠች። ግማሽ መንገድ ላይ «ድምፄ ያምራል እንዴ?» አለችኝ።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

ኒካሁ ታሰረ። እያንዳንዱ ቃል ለወንዱም ለሴቱም እኩል ደረሰ። ጀሚል «ቀቢልቱ»፣ ተቀብያለሁ፣ ሲል ሲያልበው ሁሉ የተሰማ መሰለኝ።

ሰዉ ምግብ ላይ እያለ ሐጂ ሱሩር ክንዴን ይዘው ወደ መኪኖቹ ወሰዱኝ። ዙሪያውን አዩ።

«ያን ቀን አክስትህ ስትናገር... እንዲያ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰማሁ ዓመታት ሆኖኛል። የልጅ ልጆቼ ሲያወሩ አፋቸውን ነው የማየው። የሳሎኔን ቴሌቪዥን ስከፍት ጎረቤት ነው የሚሰማው።»

ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩ።

«ለጆሮም እንዲህ ያለ ነገር ትሠራለህ?»

«እኔ አልሠራም ሐጂ። የሚሠራ ግን አለ።»

«መካ አይሁን። መካ ሁሉም ሰው ያውቀኛል።»

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሱቁን ለጋሼ ቃሲም ትቼ ሐጂን ጅዳ ውስጥ ጆሮ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ጃሚዓ ሰፈር ዘመድ ሊጠይቁ መጡ ተብሏል።

ሐኪሟ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርጋ ከወፍራም ወደ ቀጭን ድምፅ አሰማቻቸው። ሲሰሙ እጃቸውን ያነሳሉ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ አነሱ። ቀጥሎ ቀስ እያሉ። ቀጭኑ ጋ ሲደርስ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ቀረ፤ ድምፁ ግን ይቀጥል ነበር። እኔ በሩ ጋ ሆኜ እሰማዋለሁ። ሐኪሟ መስመሩን አሳየችን። ደህና ሄዶ ሄዶ ወደ ቀጭኑ ሲጠጋ ቁልቁል ይወርዳል።

«ይስተካከላል?» አሉ ሐጂ፣ እኔን እያዩ እንጂ እሷን አይደለም።

«ይስተካከላል» አልኩ። ሐኪሟ ፈገግ አለች።

ለሙከራ አንዲት ትንሽ ነገር ከጆሯቸው ኋላ ሰካችላቸው። ከዚያ ወደ እጃቸው አዩ። የመቁጠሪያቸውን፣ የሙስበሓቸውን ፍሬ አንድ በአንድ እየገፉ፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው...

«ይሄ ይጮህ ነበር እንዴ?» አሉ።

መንገዱን ሙሉ ሲያንቀጨቅጩት መጡ። እኔም ሬዲዮ አልከፈትኩም። አክስቴ ሰፈር ስንደርስ ያቺን ትንሽ ነገር ከጆሯቸው ነቅለው ኪሳቸው ከተቷት።

«ለከሪማ እንዳትነግራት።»

«ከጠየቀችኝስ፣ ሐጂ?»

ሙስበሓቸውን አንዴ አንቀጨቀጩ።

«ያን ቀን ጥፋቱ የስፒከሩ ብቻ ነበር በላት።»

እሺ አልኳቸው።