ከምንጩ ራስጌ የተሰጠው ፈቃድ፦ የአቶ ወልደጻድቅ ይርሳው የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደጻድቅ ይርሳው ከአባታቸው ከአቶ ይርሳው ገብረ መድህንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋናዬ ኃይለየሱስ፣ ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኝ የገብስ አገር በ1906 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ገበሬ ቢሆኑም ልጃቸው ከሞፈር ይልቅ ብርዕ እንደሚቀናቸው አይተው ለደብሩ መሪጌታ ሰጧቸው። ዳዊት ደገሙ፣ ቁም ጽሕፈትም ተማሩ። የእጃቸው ውበት ከመነገሩ የተነሣ ደብዳቤ ሊያስጽፍ ከአርቦዬ ድረስ የሚመጣ ሰው ነበር።

ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. በዚህችው በምንኖርባት ትንሽ ከተማ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1937 ዓ.ም. ወይዘሮ አፀደን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው መሰረትንና አበባን አፍርተዋል። በቤታቸው ተጫዋች ነበሩ። ወይዘሮ አፀደ ወጥ ጨው ሲያበዙበት «ይህ ወጥ ማመልከቻ ሊጻፍበት ይገባል» እያሉ ያስቁ ነበር።

ስለ ጽሕፈት ቤቱ ማውራት ያስጠላል። ነገር ግን የሟች ዕድሜ ያለቀው እዚያ ስለሆነ ዘልለን ማለፍ አልቻልንም። አጥር ለማጠር ፈቃድ፣ ጠላ ለመሸጥ ፈቃድ፣ የሚያፈስ ጣራ ለመክደን እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለጉዳይ ከጠዋት ጀምሮ ግድግዳ ተደግፎ ሲቀመጥ፣ ማርና ሙክት ግን በጓሮ በር ሳይሰለፉ ይገቡ ነበር። አንድ ጎረቤታችን የጣራ ፈቃድ ሲጠብቁ ሁለት ክረምት ዘንቦባቸዋል። እያንዳንዱ ፈቃድ ሲጻፍ ደግሞ «ቦታው በአካል ታይቶ ተስማሚ ሆኖ ስለተገኘ» የሚል ቃል ይገባበታል። የጽሕፈት ቤቱ ሹም ይህን ቃል የደብዳቤ ማሰሪያ ይሉት ነበር። ቦታ ለማየት ከወንበሩ የተነሣ ሰው ግን አልነበረም። አቶ ወልደጻድቅም እንደ በስመ አብ ለምደውት ለዓመታት ጽፈውታል።

በ1951 ዓ.ም. የሹሙ አማች የሆነ ሥጋ ሻጭ ለቄራ የሚሆን ቦታ ጠየቀ። ለሌላው ዓመት የሚፈጀው ፈቃድ ለእሱ በሁለት ቀን አለቀለት። በዚያ ባማረ ጽሕፈት የጻፉት አቶ ወልደጻድቅ ናቸው። ቦታው የከተማዋ እኩሌታ ከሚቀዳበት ምንጭ ራስጌ ነበር። ጥቂት ቢራመዱ ያዩት ነበር፤ አልተራመዱም። ይህን እርሳቸው ስላልደበቁት እኛም አንደብቀውም።

በሚቀጥለው ክረምት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙቤዳ ውኃ የሞላ ቅል ይዘው ጽሕፈት ቤት ገቡና ከጠረጴዛቸው ላይ አኖሩት። በውኃው ላይ ሞራና ጠጉር ተንሳፍፎ ነበር። የመጨረሻ ልጃቸውን ከቀበሩ ሳምንት አልሞላቸውም። «ጋሼ፣ ይኼ ቢሻን ነው? የሰው ልጅ የሚጠጣው ውኃ ይኼ ነው? ልጄ ይኼን ጠጥቶ ሞተ። ፈቃዱን ማን ጻፈ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ» አሉ። አቶ ወልደጻድቅም ከመቀመጫቸው ተነሥተው «እኔ ነኝ የጻፍኩት» ብለው መለሱ። ያን ዕለት ቄራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሄደው አዩ። ደሙ ከነፈርሱ በቦይ ወደ ምንጩ ሲወርድ ተመልክተው ቤታቸው ሲመለሱ እህል አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው አንድ ጉዳይ ብቻ ሆነ፤ ቄራውን ከምንጩ ራስጌ ማስነሣት። ቤት ለቤት ዞረው የአርባ አንድ አባወራ የጣት አሻራ ሰብስበው አቤቱታ አቀረቡ። መጀመሪያ ቴምብሩ ያለ ቦታው ተለጥፏል ተብሎ ተመለሰ። ቀጥሎም የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ የሕዝብ አቤቱታ አይጽፍም ተባለ። ከዚያም ፋይሉ ጠፋ፤ የት እንደ ጠፋ የጠፋበት ግን አልነበረም። በዚህ መካከል ከታች ሰፈር ሦስት ሕፃናት ተቀበሩ።

በጥር 1954 ዓ.ም. መልስ ተሰጠ። «የምንጩ ውኃ በአካል ታይቶ ለመጠጥ ተስማሚ ሆኖ ስለተገኘ አቤቱታው ተቀባይነት የለውም» የሚል ነበር። ሹሙም አቶ ወልደጻድቅ በዚያ በሚያምር እጃቸው እንዲገለብጡት አዘዙ። አቶ ወልደጻድቅ ብርዑን አስቀምጠው «ጌታዬ፣ እኔ አይቼዋለሁ። እርስዎም ሄደው ይዩትና ያን ጊዜ እጽፋለሁ» አሉ። ሹሙ የመለሱት ቃል ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው። «አንተ የተቀጠርከው ለእጅህ ነው እንጂ ለዓይንህ አይደለም» አሏቸው። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ጻፈው፣ ሹሙ ፈረሙበት፣ ማኅተም አረፈበት፤ አቶ ወልደጻድቅም በዚያው ሳምንት ከሥራ ተሰናበቱ።

ከሥራ ከወጡ በኋላ ማለዳ ማለዳ ምንጩ ዳር እየቆሙ ሰውን ይመልሱ ነበር። ገበሬው አቶ ጉቱ በማሳቸው ውስጥ ያለውን ምንጭ ለሁሉም ክፍት ስላደረጉ ሰዉን ወደዚያ ይልኩት ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አቅም ያነሰው ግን ከታች መቅዳቱን አልተወም። አቶ ወልደጻድቅ የታመመ ሳይጠይቁ አይውሉም ነበር፤ ጠያቂም የቀረበለትን ጠላ ቢመልስ ቤቱን መጠየፍ ነው። በምን ውኃ እንደ ተጠመቀ እያወቁ ተቀብለው ይጠጡ ነበር። ወይዘሮ አፀደ ሲቆጧቸው «እኔ በጻፍኩት ምክንያት የታመመ ሰው ቤት ገብቼ ጽዋውን ልመልስ?» ይሉ ነበር።

በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በአንጀት ተስቦ ታመው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 1955 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ጽሕፈት ቤቱ በማግሥቱ በማለዳ ቁጥርና ማኅተም ያለው የኀዘን ደብዳቤ ልኮልናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ቄራው ዛሬም እዚያው ነው።

አቶ ወልደጻድቅ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አፀደ ሌላ ልጆቻቸውን መሰረትንና አበባን፣ ይህን የጻፈውንም የእኅታቸውን ልጅ ሣህሌን ትተው ሄደዋል። ዓይቶ የማይሰለች ፈጣሪ የጻፉትንም እንቢ ያሉትንም መዝኖ፣ ነፍሳቸውን በአብርሃምና በይስሐቅ አጠገብ ያሳርፍልን።

ለለቀስተኛው የቀረበው ውኃ አቶ ጉቱ በአህዮቻቸው አስጭነው ያመጡት ስለሆነ ሁሉም ያለ ሥጋት ይጠጣ። ለጽሕፈት ቤቱ ሹማምንት በተለየው አግዳሚ ፊት የተቀመጠውን እንስራ ግን ወይዘሮ አፀደ ዛሬ ጠዋት ራሳቸው ከቄራው ሥር ካለው ምንጭ ቀድተው አምጥተዋል። ለመጠጥ ተስማሚ መሆኑን ሹሙ በፊርማቸው አረጋግጠዋል።