ማኅተም የሌለው አራት ደቂቃ

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6

ዛሬ ሺፍት የለኝም። ፒችትሪ ኮርነርስ ከተማ ያለው የምሠራበት ዌርሃውስ ለሁለት ቀን ከኔ አረፈ፣ እኔም ከካርቶን አረፍኩ። መተኛት ነበር ሐሳቤ... ግን ቅዳሜ ጠዋት እኛ ቤት ማን ይተኛል? እማዬ ሬዲዮውን እስከ ጣሪያ ለቀቀችው። የኛ ሰዎች ፕሮግራም። መጀመሪያ "የነፍስ ቁርስ" ይመጣል፣ አራት ደቂቃ። የወሩ አንደኛ ቅዳሜ ፓስተር፣ ሁለተኛው ቄስ፣ ሦስተኛው ሼህ። አራተኛው ላይ ከሦስቱ አንዱ ይደገማል። አዎ፣ ይደገማል! ሰው እንደጠፋ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ አባዬ ስልኩን ይዞ በረንዳ ወጣ። በሩን አልዘጋም። ስፒከር ላይ ነው፣ እሱ ሁሌ ስፒከር ላይ ነው። የደወለው ለጋሽ አሸብር። የሬዲዮው ሊቀመንበርም አቅራቢም ሁሉም ነገር እሱ ነው።

"ኦክቶበር አስራ አንድ የቶሎሳ ሙት ዓመት ነው። አራት ደቂቃዋን ልጠይቅህ ብዬ ነው።"

"ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሆነህ ነው ኃይሌ?"

"ከየትም።"

"ደብዳቤ ይፈልጋል እኮ። ማኅተም ያለው።"

"የለኝም።"

"ታዲያ ማን ልኮህ ነው?"

አባዬ "ማንም" ብሎ ዘጋው።

ቶሎሳ የአባዬ ጓደኛ ነበር። ሱዳን አብረው ተሰደው፣ እዚህ አንድ ክፍል ተጋርተው። ሁለቱም ቤተ ክርስቲያን አይስሙ፣ መስጊድ አይገቡ። አምና ሲሞት ቀብሩ ላይ አስራ አንድ ሰው ነበርን። ቄስ የለ፣ ሼህ የለ፣ ታዲያ ማን ይናገር? ሁሉም ሌላውን ሲያይ... ቆመን ቆመን ወደ መኪናችን ሄድን። አባዬ አንድ ቃል ሳይል ጓደኛውን ቀበረ። ይቺ ነገር ዓመቱን ሙሉ ውስጡ ተቀምጣለች። ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

"ማን ልኮህ ነው" ይለዋል?! ሳህኔን ሲንክ ውስጥ ወረወርኩት። አልተሰበረም። ፕላስቲክ ነው።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

ከሺፍት በቀጥታ ዲኬተር ሄድኩ፣ ወደ ጋሽ አሸብር ኢንሹራንስ ቢሮ። አባዬ አያውቅም።

"ስሚ ሶስና፣ 'የነፍስ ቁርስ' የሃይማኖት ሰዓት ነው።"

"ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ ሰው ነፍስ የለውም?"

"እንደሱ አልወጣኝም።"

"ቁርስስ አይበላም?"

ሊስቅ ነበር፣ ያዘው። "አስራ አንደኛ ክፍል አቋርጠሽ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?"

"ያቋረጥኩት ክላሱን ነው እንጂ ጆሮዬን አይደለም።"

እዚህ ጋ ትንሽ ጮህኩ። ኦኬ፣ ብዙ ጮህኩ። ሴክሬታሪዋ በሩን ከፍታ አየችን። እሱ ግን ረጋ ብሎ ሁለት ነገር አለኝ። አንድ፦ "ነገ እንቁጣጣሽ ነው። እግዚአብሔርን ሳትጠሪ አንድ ቀን በአማርኛ አውሪና ታሪኩን ንገሪኝ።" ሁለት፦ "ሰው ይፈልገዋል ካልሽ ሃምሳ ፊርማ አምጪ። ለሬዲዮው ኮሚቴ አቀርባለሁ።"

ሃምሳ? ቀላል!

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11

እንቁጣጣሽ። እማዬ "እንኳን አደረሰሽ" አለችኝ። "እንኳን አብሮ አደረሰን" ልል ስል... ማነው ያደረሰን? ቆምኩ። "እንኳን ደረስሽ" አልኳት። ግንባሬን ነካችኝ። ትኩሳት ያለኝ መስሏት።

እትዬ ወይንሸት፣ የእማዬ የልብ ጓደኛ፣ ድፎ ይዛ መጣች። "እንዴት ነሽ?" "ደህና።" "ደህና ብቻ? ምን አደረግኩሽ?" ከዚያ አስነጠሳት። አፌ በራሱ "ይማርሽ" አለ። እስከ ማታ አስራ ሰባት ጊዜ ተያዝኩ።

ለአባዬ ነገርኩት፣ ጋሽ አሸብር ጋ መሄዴንም። እንዲህ ስቆ አያውቅም። ከዚያ "የኔ ልጅ፣ እኔም እኮ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። ከቃል ጋር ጠብ የለኝም። ስለ ጓደኛዬ መናገር ነው የፈለግኩት" አለ።

ይኸው። ይሄን ለመናገር ነው እንግዲህ ማኅተም የሚያስፈልገው?

እሁድ፣ ሴፕቴምበር 14

ሰባ አንድ ፊርማ!!! በአንድ ጠዋት!

እማዬን ቤተ ክርስቲያን አደረስኳትና እዚያው ቆየሁ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ በር ላይ ጠረጴዛ አለ፣ የደመራ አውቶቡስ መመዝገቢያ ተቀምጦበታል። የኔን ክሊፕቦርድ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ከላይ ጽፌያለሁ፦ "አራተኛው ቅዳሜ የሚደገመው ቀርቶ ማንኛውም ሰው ያለ ደብዳቤ እንዲናገርበት እንጠይቃለን።" ከታች ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። አልዋሸሁም። ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፣ ግን ተጽፏል።

የኛ ሰው በር ላይ እስክሪብቶ ካየ ያነባል እንዴ? ፊት ያለው ስለፈረመ ይፈርማል። በዚያ ላይ ሁሉም ጾሙን ውሏል፣ ሽታው ከኪችን ይመጣል...

አንዲት እናት "ይሄም የደመራው ነው?" አሉኝ። እኔ... "እዚህ ጋ ይፈርሙ" አልኩ።

ሰባ አንድ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15

ለጋሽ አሸብር ሰጠሁት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ እንደገና አየው። የዓመቱ ምርጥ ሰኞ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 17

የዓመቱ መጥፎ ረቡዕ።

እትዬ ወይንሸት ደወለች። "ሶሲዬ፣ አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?"

"የቱ አውቶቡስ?"

"የደመራው ነዋ! አንቺ ጋ ፈርሜ የለ?"

ለካ እውነተኛው ዝርዝር ላይ የተመዘገበው ሃያ ምናምን ሰው ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ "ሰው የለም" ብሎ ሁለተኛውን አውቶቡስ ካንስል አድርጓል። በኔ ምክንያት! እማዬ ሰማች። ጩኸቷ ሮዝዌል ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

አባዬ ግን አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ቶሎሳ ሰው አታሎ አያውቅም" አለ። "በዚህ ፊርማ የተገኘች ደቂቃ ላይ አልናገርም።"

"ለአንተ ብዬ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ።"

በሩን በርግጄ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስቲሪንጉን ደበደብኩት። ሆርኑ ጮኸ፣ የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ። ሁለታችን ትንሽ ተጯጯህን። ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ በኋላ ደግሞ እፍረቱ። "እዚህ ጋ ይፈርሙ" ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 20

ወረቀቱን ከጋሽ አሸብር ተቀብዬ ሰባ አንዱም ጋ ደወልኩ። ሦስት ቀን ፈጀ። "ሶስና ነኝ፣ የኃይለማርያም ልጅ። የፈረሙት የአውቶቡስ አይደለም። ላንብብልዎት፣ ከዚያ ልሰርዝዎት ወይስ ልተውዎት? ደመራም ከፈለጉ አሁኑኑ እመዘግብዎታለሁ።"

አንዱ "ባለጌ" አለኝ። እሺ፣ ልክ ነው። አንዷ ስለ ጉልበቷ አርባ ደቂቃ አወራችኝ። አንዱ ሁለቴ ፈርሟል፣ አንዱን ለሚስቱ።

እትዬ ወይንሸት፦ "እስቲ ድገሚው። ማንኛውም ሰው? እኔም?"

"አንቺም።"

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማይወራ ስንት ነገር አለኝ መሰለሽ። እንዳትሰርዢኝ!"

አርባ ሦስተኛው መስመር ላይ ደግሞ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ቀሲስ እንድርያስ! ቄሱ ራሳቸው! የሬዲዮው ሁለተኛ ቅዳሜ የሳቸው ነው! አነበብኩላቸው። ሳቃቸውን ለቀቁት።

"እኔው? ዘወትር 'አንብቡ' እያልኩ የምገስጸው?"

"ይቅርታ አባታችን። ልሰርዝዎት?"

"ሰርዢኝ እንጂ። ቄስ 'ማንም ይናገር' ብሎ ፈረመ ሲባል ምን ልመልስ ነው? ...ቆይ ግን። አባትሽ ስለ ማን ነው መናገር የፈለገው?"

ስለ ቶሎሳ ነገርኳቸው። ስለ ቀብሩም። "እሺ ልጄ" ብለው ዘጉ።

ሁለተኛው አውቶቡስ ተመለሰ። ፊርማው ግን ሃያ ስድስት ቀረ። ሃያ አራት ይጎድላል። አባዬ ወረቀቱን አይቶ "ይሄ ይሻላል" አለ። ምኑ ነው የሚሻለው? ተሸንፈናል እኮ!

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

ኮሚቴ። እኔና አባዬ ስብሰባቸው ላይ ሄድን፤ ቀሲስ እንድርያስም አባል ናቸው። እንዳልጮህ አስምሎኛል።

ጋሽ አሸብር "ሃያ ስድስት ሃምሳ አይደለም" አለ። ምላሴን ነከስኩ። የምር፣ አመመኝ። ከዚያ ቆሜ ያደረግኩትን ሁሉ ተናገርኩ። አውቶቡሱን፣ "እዚህ ጋ ይፈርሙ"ን። "እነዚህ ሃያ ስድስቱ ግን አንብቤላቸው ነው ፊርማቸውን ያጸኑት። ከዚህ በፊት አንብቦ የፈረመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?" አልኩ። አንዱ ሳቀ።

ቀሲስ እንድርያስ እጃቸውን አወጡ። "በአራተኛው ቅዳሜ ቀስ ብላችሁ ተከራከሩ። ሁለተኛው የኔ ተራ ነው። ኦክቶበር አስራ አንድን ለኃይለማርያም ለቅቄያለሁ።"

"ደብዳቤውስ?" ጋሽ አሸብር።

"'ተራዬን ለቀቅኩ' ብዬ እጽፍልሃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ላከችው አልልም፣ አልላከችውማ።"

"አባታችን፣ ሕዝቡ ምን ይላል?"

ቀሲስ አባዬን እያዩ መለሱ፦ "አምና የዚያን ሰው ቀብር ነግረውኝ ነበር። 'የኛ አይደለም' ብዬ ቀረሁ። የኛ ያልሆነ ሰው ሲቀበር ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር፣ እውነቱ ይሄ ነው። እስቲ እሱ ይንገረን።"

ጋሽ አሸብር የአባዬን ስም መዝገቡ ላይ ጻፈ። አባዬ ተነስቶ ጎንበስ አለላቸው። ወጥተን መኪና ውስጥ እስክንገባ ቻልኩት። ከዚያ እኔ ጮህኩ። የደስታ ስለሆነ አይቆጠርም።

አርብ፣ ኦክቶበር 10

አባዬ ዘጠኝ ወረቀት ጽፏል። አራት ደቂቃ ነው አልኩት፣ አይሰማም። እማዬ ሸሚዙን ተኮሰች። "ሬዲዮ እኮ ነው" አላት። "ቢሆንስ?" አለችው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ስቱዲዮ። ጠባብ ክፍል፣ ጋሽ አሸብር ማሽኑ ጋ፣ አባዬ ማይኩ ጋ፣ ቀሲስ ጥግ ላይ ወንበር ይዘው። "እግዜርን ከሰደብክ አስላለሁ" አሉት። አባዬም "አይዞዎት፣ ስለ መኪና ነው" አላቸው።

ቀዩ መብራት በራ። ዘጠኙን ወረቀት አጠፈና ኪሱ ከተተው።

ስለ ቶሎሳ ተናገረ። ለካ ቶሎሳ ለአዲስ መጤዎች መኪና መንዳት ያስተምር ነበር፣ እሁድ እሁድ፣ የተዘጋ ሞል ፓርኪንግ ላይ፣ በአሮጌ ኮሮላ መኪናው። አርባ ሦስት ሰው መንጃ ፈቃድ አውጥቷል በሱ። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር! "የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ፣ የምን እምነት አለህ ብሎ አያውቅም" አለ አባዬ። "የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ መነጽር ታደርጋለህ?" ቀሲስ ሳቁ። ሳል አይደለም፣ ሳቅ።

ከዚያ "ቶሎሳ..." አለና ቆመ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ጋሽ አሸብር ሙዚቃውን ሊለቅ እጁን ሲዘረጋ ቀሲስ ያዙት። አልለቀቁትም። ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ አንድ...

"ቶሎሳ ጀማሪ ሰው በድንጋጤ ፍሬን ሲረግጥ አይቆጣም። 'ጎበዝ! መቆምማ ቻልክ' ይላል። እኔም ከእሱ የተማርኩት ሰው ሲቆም ማበረታታትን ነው። ሌላ የለኝም። ወንድሜ ነበር።"

ሦስት ደቂቃ ከሃምሳ። አሥር ሰከንድ ተረፈ።

ስልኩ መጥራት ጀመረ። "እኔንም አስተምሮኛል።" "ባሌንም።" "አምና መሞቱን አልሰማሁም፣ የት ነው የተቀበረው?" ከሮዝዌል፣ ከየት ከየት። ጋሽ አሸብር ሁሉንም ኤር ላይ አወጣቸው። ዜናው ቀረ፣ ማስታወቂያው ቀረ።

ከሰዓት በኋላ መቃብሩ ጋ ሄድን። ሰላሳ ሰባት መኪና ቆጠርኩ። ዛሬ ግን ዝም ያለ ሰው አልነበረም። እንደውም ተራ የሚያስይዝ ሰው ጠፋ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ኮሚቴው ድምፅ ሰጠ፣ አምስት ለዜሮ! አራተኛው ቅዳሜ ለማንኛውም ሰው ተከፈተ። ደብዳቤ የለም፣ ማኅተም የለም። ተናጋሪ መራጭ፣ አለማማጅ፣ ሰዓት ያዥ፦ እኔ። ጋሽ አሸብር ራሱ ነው ያለው። "ቢያንስ ስትጮሂ ስቱዲዮው ድምፅ አያሳልፍም" አለኝ።

እሁድ፣ ኦክቶበር 19

እትዬ ወይንሸት ኖቬምበርን ይዛለች፣ ርዕሱን አልነግርም ብላለች (ፈርቻለሁ)። የመጀመሪያዋ ግን ሀፍሳ ናት። ቅዳሜ ተራዋ ነው። ሆስፒታል ሌሊት ትሠራለች፣ ሦስት ልጅ አላት፣ ከዚህ በፊት አግኝቻት አላውቅም። ዛሬ ልትለማመድ ቤታችን መጣች። "የአላህን ስም ብጠራ ይከለከላል?" አለችኝ። "የፈለግሽውን ጥሪ፣ የራስሽ ነው" አልኳት።

ስልኬ ላይ ታይመር ከፈትኩ። ስለ እናቷ ጀመረች፣ ተሳሳተች፣ ተመለሰች። ሁለት ቦታ ላይ "አይ፣ እንደሱ አይደለም!" ልል ነበር። አንድ ቦታ ላይ ያለቀሰች መሰለኝ። እማዬ ከኪችን አንገቷን አውጥታ አየችኝ፣ ምን ሆነች ይቺ ልጅ እንደማለት።

ሀፍሳ ስትጨርስ "ታዲያ? ምንም አላልሽም እኮ" አለችኝ።

አራት ደቂቃ ከሃያ። ሙሉውን አፌን ዘግቼ። በአስራ ስምንት ዓመቴ የመጀመሪያዬ ነው።

"እየሰማሁ ነበር" አልኳት።