ለጨዋታው ጠባቂ የመለስኩለት

ጋራም፣

የኮምፒውተር ጨዋታውን የዘጉብሽ ሰዎች መልሰው ይከፍቱልሽ ይሆን? ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

እኔ ጊምጄ ከተማ፣ እህቴ ዘንድ፣ የብርዱን ወራት ጥቅል ጎመን በጨው ልንዘፈዝፍ እየሄድኩ ነው። የባሕር አረም ሾርባው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቂው። ስትወጪ የወለሉን ማሞቂያ አጥፊ።

ያን ዕለት «ሃልሞኒ፣ አያቴ፣ ገላዬን ታጥቤ እስክመጣ ኮምፒውተሩን ብቻ እንዳታጠፊብኝ» አልሽኝ።
አላጠፋሁም።

የጻፍሽው ፕሮግራም ጨዋታው ውስጥ ብቻውን ዓሣ ሲያጠምድልሽ ቁጭ ብዬ አየሁ። የጨዋታው ጠባቂ «አሉ? ሰው ከሆኑ ይመልሱልኝ» ብሎ ጻፈ። ሰው ሲጠይቅ ዝም ይባላል? ፊደሉን በአንድ ጣቴ እየፈለግሁ «የልጅ ልጄ ገላዋን እየታጠበች ነው፤ የሚያጠምደው እሷ የሠራችው ፕሮግራም ነው፤ ጎበዝ ልጅ ናት» አልኩት። አመስግኖኝ ጨዋታውን ዘጋብሽ።

ፕሮግራም በሰው ፈንታ መጫወቱ ክልክል መሆኑን ማን ነገረኝ?

ጓደኞችሽ ሁሉ እዚያ ውስጥ እንደነበሩ የገባኝ አሁን ነው።

«ለፖሊስም እንዲህ ትመሰክሪብኛለሽ?» አልሽኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል ከአፍሽ አልወጣም። ብትጮኺብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለጠባቂዎቹ ጻፊላቸው። አያቴ ጃጅታለች፣ ትዘባርቃለች በያቸው። አልቀየምም።

ይኸው ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ተጋድመሻል፤ እንቅልፍ እንዳልወሰደሽ አውቃለሁ። ሁልጊዜ እበሩ ላይ ሆኜ «ደርሼ መጣሁ» እላለሁ፣ አንቺም «በደህና ግቢ» ትይኛለሽ። ዛሬ ብልና ዝም ብትይኝስ?

ጫማዬን አድርጌ፣ ምንም ሳልናገር እወጣለሁ።