ሆዱ ትንሽ ይረፍ

ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ ይይዝሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የሚለውን ጽፌ ሰርዤው ነበር፤ አሁን እውነት ስለሆነ ይቆይ። የልጅ ልጅሽ ከጤና ጣቢያ ወጥቷል። ዛሬ ነጠላ ጫማዬን ሊያኝክ ሲል ብነጥቀው ቤቱን በጩኸት አናጋው። እንባው ሲወርድ ሳይ ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ዝናቡ ከገባ ወዲህ የሰፈራችን የቧንቧ ውኃ ደፍርሷል፤ ተቅማጥ ያልገባበት ቤት የለም። ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ውኃ አፍሉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልጅ ሲያስቀምጠው ፈሳሽ አትከልክሉት እያልኩ ቤት ለቤት ስዞር ጉሮሮዬ ተዘጋ። ሰዉም እመት ሳሙና የሚል ስም አውጥቶልኛል። በቀደም ታዲያ ሥራችንን የሚያዩ እንግዶች ስለሚመጡ፣ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ በሕዝብ ፊት እንዳስተምር ተነገረኝ። ለዚሁ ብዬ አዲስ ቀሚስ አሰፋሁ።

ልጁን ከዋዜማው ጀምሮ ያስቀምጠው ነበር። ወዲያው ጤና ጣቢያ መውሰድ ነበረብኝ፤ አፈርኩ። የእመት ሳሙና ልጅ ተቅማጥ ያዘው ሲባል ታየኝ። ጠዋት ለተቅማጥ የሚታደለውን የጨውና የስኳር ዱቄት በውኃ በጥብጬ ብሰጠው ቀሚሴ ላይ አስመለሰው። ቀሚሱን አጽድቼ ልጁን ለጎረቤቴ ሰጠኋትና፣ እስክመለስ ምንም እንዳትሰጠው፣ ሆዱ ትንሽ ይረፍ አልኳት። እኔው ያስተማርኳት ሴት ናትና ግራ ገብቷት አየችኝ። ከእኔ በላይ ማን ያውቃል ብላ መሰለኝ እሺ አለች። እማዬ፣ ያን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አንቺ ታውቂያለሽ።

ሕዝቡ ፊት ቆሜ፣ ልጅ ቢያስመልሰውም ጥቂት ታግሳችሁ በማንኪያ በማንኪያ ስጡት፣ ሆዱ ይረፍ ብላችሁ ውኃ እንዳትነፍጉት፣ የሚገድለው ጥማቱ ነው አልኩ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወርጄ መሮጥ ሲገባኝ ንግግሬን ጨረስኩ። እስኪያጨበጭቡልኝም ቆምኩ።

ቤት ስደርስ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ያለቅሳል፤ እንባ ግን የለውም። ታቅፌው ያንኑ ሕዝብ ሰንጥቄ ተመለስኩ። ያስተማርኳቸው እናቶች መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንዷም ክፉ አልተናገረችም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ነርሷ መቼ እንደጀመረው ስትጠይቀኝ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ዛሬ ነው አልኳት። ግሉኮስ ሰኩለት፤ ተረፈልኝ።

ከዚህ የባሰ አለ። አማችሽ ሲሰማ፣ ውኃ የነፈገችው ጎረቤታችን ናት ብሎ ፊት ለፊት ተቆጣት። እሷ አንገቷን ደፍታ ሰማችው፤ ወደ እኔ እንኳ አላየችም። እኔም እዚያው ቆሜ ዝም አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር። ነገ ሁለቱንም አስቀምጬ እውነቱን እናገራለሁ፤ ዛሬ ግን መጀመሪያ ላንቺ ልንገር ብዬ ነው።

ምክንያቱም ባንቺ ላይ ያደረግሁት ይብሳል። ትንሿ እህቴ ተቅማጥ ይዟት ስትሞትብሽ፣ አንቺም ሆዷ ይረፍ ብለሽ ነበር፤ ያኔ የሚነግርሽ ሰው አልነበረም። እኔ ከሥልጠና የተመለስኩ ሰሞን፣ አክስቴ እየሰማች፣ የገደላት ዕድሏ ሳይሆን ጥማት ነው አልኩሽ። ራስ ሳይጠና ጉተና። በቁስልሽ እንጨት ሰደድኩበት። አንቺ ተነስተሽ የታጠበውን ዕቃ እንደገና ማጠብ ጀመርሽ። እኔ ደግሞ አልገባትም ብዬ ነበር። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍሬያለሁ፤ ግን ይቅር በይኝ።

እህቴ ከሞተች ወዲህ ስትተኚ ራስጌሽ የምታስቀምጪው ብርጭቆ ውኃ ትዝ አለኝ። አትጠጪውም፤ ሲነጋ አበባው ሥር ትደፊዋለሽ። አበባሽን ከእኛ አስበልጠሽ ትንከባከቢያለሽ እያልኩ ስቀልድብሽ ኖሬያለሁ።

ይህን ስጽፍልሽ ልጁ ተኝቷል። ጠጥቶ፣ ጠግቦ ነው የተኛው። ራስጌው አንድ ኩባያ ውኃ አስቀምጫለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ዝናቡ ሲያባራ ነይልኝ።

ትልቋ ልጅሽ